ሚዛን፣ ማግኔትና ማጉያ መነጽር፦ አሮጌ ዕቃ ፍለጋ በሰሜን ሸዋ

አርብ፣ ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚወጣው ለልቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለንግሥ ነው። እኔ አሮጌ ዕቃ ልፈልግ መሄዴን ለባለቤቴ ስነግራት «ለምን ጓዳችን አትገባም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጓዳችን ውስጥ ሁለት የማይሠሩ ሬዲዮኖች፣ አንድ ክንዱ የተሰበረ የሸክላ ማጫወቻ፣ ሦስት ፋኖስና ብዛቱን እኔም የማላውቀው ካሴት ተከምሯል። ነገር ግን ይህ አመል ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ዝም ይላል። የሚናገረው ገበያ ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ ከተሰበረ ጃንጥላና ከጎዶሎ ጫማ መሀል ብቅ ሲል ነው።

ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተሳፈርኩ። በቦርሳዬ ውስጥ ከቅያሪ ልብስ ሌላ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የወርቅ ቤት ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ትንሽ የኪስ ሚዛን፣ ማግኔት እና ማጉያ መነጽር። ሸኖ ላይ ተሳፋሪው በሙሉ ለጋ ቅቤ ሊገዛ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መኪናው በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ሄደ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ብርሃኑን አላውቅም፤ ብርዱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የከተማው ፋብሪካ የሠራውን ብርድ ልብስ ሁለት ደርባ ሰጠችኝና ቡና ልታፈላ ተቀመጠች።

ፍለጋውን ነገ እጀምራለሁ ብዬ ነበር። ግን የሸሚዜ አዝራር ወልቆ ስለነበር አክስቴ የአዝራር ቆርቆሮዋን አመጣች። የአሮጌ ዕቃ ፈላጊ የአዝራር ቆርቆሮ ፊቱ ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። አዝራሩን ረስቼ ቆርቆሮውን ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። የዝሆን ጥርስ የሚመስል የካፖርት ቁልፍ፣ የተሰበረ የጆሮ ጉትቻ፣ የቁም ሣጥን መክፈቻ፣ ከሥሩ ደግሞ ሦስት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች። አንደኛዋ ባለ 25 ሳንቲም ናት፤ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ያለ።

ይህቺን ጠርዝ እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም የተቆረጠችው ለውበት አይደለም። 1936 የሚል ዓመት የያዘው አዲሱ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ ባለ 50ው ሳንቲም ከብር፣ ባለ 25ው ደግሞ ከመዳብ ተሠራ። ሁለቱ በመጠን እኩያ ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። ብልጥ ሰው መቼም አይጠፋምና መዳቡን ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋው ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት በኋላ ላይ የባለ 25ውን ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አስደረገው፤ በጨለማም ቢሆን በጣት ይለያል። ሳንቲሞቹ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ኖረው እንኳን የሚያሳዩት ያንኑ 1936ን ነው። ይህን ሁሉ ለአክስቴ ካስረዳሁ በኋላ «ውሰዳት እንግዲህ» አለች፤ «እኔ እንኳን አዝራር መስላኝ ነበር። ደግሞ ቀዳዳ የላትም እያልኩ ስንት ጊዜ ተናድጄባታለሁ።»

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ውርጩ ሣሩን አንጥፎታል። ከሁሉ ቀድሜ የሄድኩት ልባሽ ተራ ነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ልባሽ ያልለበሰም የለም። የዚህ ገበያ ሕግ አንድ ነው፦ ቦንዳ ሲፈታ የደረሰ ይመርጣል፣ ዘግይቶ የመጣ የተራገፈውን ይለቅማል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ አንዱ ወጣት የቦንዳውን ሽቦ እየቆረጠ ነበር። ሦስት ሴቶች ከእኔ ቀድመው ቆመዋል፤ አንደኛዋ አይታኝ «አንተ ደግሞ የሕፃናት ነው የምትፈልገው?» ብላ አጣራች። አይደለም ስላት ተጠግታ ቦታ ሰጠችኝ።

ልምድ የሌለው ሰው በዓይኑ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ በጣቴ ነው። ክምሩ ውስጥ እጅን አስገብቶ መዳሰስ፤ ናይለን ያንሸራትታል፣ ጥጥ ይቀዘቅዛል፣ ጥሩ ሱፍ ግን እንደ በግ ጀርባ ይነክሳል። የነከሰኝን ስጎትተው ቡናማ ኮት ወጣ፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ቡናማው ውስጥ አረንጓዴ፣ ዝገት መሳይ ቀይና ሰማያዊ ክር አለበት። ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ብል የበላው ሱፍ በፀሐይ ፊት እንደ ወንፊት ይታያል። ንጹሕ ነው። ገበሩ ግን ከብብቱ ሥር ተተርትሯል። ውስጡን ስገልጥ ከነምልክቱ ተገኘ፦ አንድ ሉል፣ በሉሉ ላይ መስቀል።

ልቤ ደነገጠ፤ ፊቴን ግን እንደ ድንጋይ አደረግሁት። ይህ ምልክት የሃሪስ ትዊድ ነው። ሃሪስ ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ያለ የደሴት ምድር ሲሆን ይህ ጨርቅ የሚሸመነው እዚያና በአካባቢው ባሉ ደሴቶች፣ በደሴተኞቹ መኖሪያ ቤት፣ በሰው ኃይል በሚንቀሳቀስ የሽመና ዕቃ ብቻ ነው። ምልክቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1910 ተመዝግቧል፤ ፋብሪካ የሠራውን ጨርቅ በዚህ ስም መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል።

ወጣቱ ዓይኔን ተከትሎ ምልክቱን አየው። «ጋሼ፣ እሱ የጳጳስ ነው» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«መስቀል አለበታ። የተባረከ ዕቃ ስለሆነ ስድስት መቶ ነው።»

ሁለት መቶ አልኩት። ሳቀ። የገበሩን መተርተር አሳየሁት። ብርዱን አሳየኝ። ሄድኩ፤ ጠራኝ። እንደገና ሄድኩ፤ አልጠራኝም፤ በራሴ ጊዜ ተመለስኩ። ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ ተስማማን። ዋጋ መከራከር የማይወድ ሰው ባይሳሳትም ይህን ጨዋታ ግን አጥቷል። ከውስጥ ኪሱ ለልብስ እጥበት የተሰጠ የቁጥር ወረቀት ወጣ፤ 114 ይላል። የማላውቀው ሰው አንድ ቀን ይህን ኮት አሳጥቦ ቁጥሩን ኪሱ ውስጥ ረሳው። እኔም መልሼ እዚያው ከተትኩት።

ገበሩን ሊያስቀይር የሄደ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ የተቀመጡት ከገበያው ጥግ፣ በረንዳ ላይ ነው። የሚሠሩባት ሲንጀር የስፌት መኪና ጥቁር ቀለሟ እጅ በሚያርፍበት በኩል ተልጦ ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል። ስፌቱን እስኪጨርሱ ጠብቄ ቁጥሯን ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የምን ቁጥር?» አሉ። ከመኪናዋ አካል በስተቀኝ ከታች፣ በዘይትና በብናኝ ጥቀርሻ ተሸፍኖ ነበር። በጨርቅ ጠርጌ በማጉያ መነጽሬ አነበብኩ፤ በፈረንጆቹ ዋይ ፊደል ይጀምራል። ሲንጀር እያንዳንዱን መኪና ቆጥሮ መዝግቧልና በዚህ ፊደል የሚጀምሩት በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ከተማ በነበረው ፋብሪካ፣ በፈረንጆቹ 1920ዎቹና 1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ናቸው። ፋብሪካው ራሱ በፈረንጆቹ 1980 ተዘግቷል።

በአንድ ጠዋት ሁለት ስኮትላንዳዊ! አንዱ ክንዴ ላይ፣ አንዷ ከፊቴ።

«አባቴ ከየመናዊ ነጋዴ የገዟት ናት» አሉኝ ሽማግሌው። «ከጣልያን በፊት።»

አላስቻለኝም፤ «አባባ፣ ቢሸጧት ስንት ይሏታል?» አልኩ።

መርፌውን ከጨርቁ አወጡና ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ኮትህን በምን ልሰፋልህ ኖሯል?»

አፈርኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ይልቁንም ከሥር ያለችውን መዝጊያ ከፍተው ከእነ ክሯ አንዲት ትንሽ ብረት አወጡ። የታችኛውን ክር የምትይዘው ናት፤ ቅርጿ ቁርጥ የጥይት ቀለህ ነው። የዛሬዎቹ መኪናዎች ክብ ስለሚጠቀሙ ይህቺን ማግኘት ከባድ ነው። ጫፏ ተበልቷል። «በዚች ምክንያት ነው ክር የምትዘለው» አሉ። «አዲስ አበባ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት አለ ይላሉ። ካገኘህ አስታውሰኝ።» ልኳን በወረቀት ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያዋን ሣልኩ። ኮቱን ማክሰኞ እንድወስድ ተቀጣጠርን። ጨርቁን በጣታቸው እያሹ «ገበሩ ነው እንጂ ያለቀው፣ ላዩስ ልጅህን ያለብሳል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀኑ ሙሉ ነበር። ግን ማታ አንድ ደላላ የምኒልክ ብር አለኝ ብሎ ሻይ ቤት ጠራኝ። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የተመታው፣ በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው አንበሳው ያለበት። መብራቱ ደካማ ነው፤ ሰዎች ያዩናል፤ ሚዛኔን ማውጣት ሰውዬውን ሌባ ማለት መሰለኝ። ማግኔቴን ብቻ በይሉኝታ ጠጋ አደረግሁ፤ አልሳበውም። ሰባት መቶ ብር ቆጠርኩ። አክስቴ ቤት ገብቼ ስመዝነው 19 ግራም ከምናምን። እውነተኛው 28 ግራም ነው። የአንበሳውም ጎፈር ሲያዩት የታጠበ ሳሙና ይመስላል፤ በቅርጽ ላይ የፈሰሰ ብረት ምልክቱ ይህ ነው። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረትን ብቻ መሆኑን ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ።

አክስቴ ሰባት መቶ መሆኑን እስካሁን አታውቅም። ሰባ አልኳት።

እሑድ፣ ጥር 17

አንኮበር። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና ዳግማዊ ምኒልክ የተቀመጡበት ኮረብታ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል። የብሪታንያው መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ለሣህለ ሥላሴ ስጦታ ተሸክሞ የመጣው ወደዚህ አገር ነው፤ ከስጦታው ውስጥ 300 ጠመንጃ ነበረበት። (የኮቴ ሃሪስ እና ይህ ሃሪስ አይዛመዱም፤ ሌሊቱን ግን ኮቱን አስቤ ስቄያለሁ።) ያ ሁሉ ዕቃ አሁን በማን ግድግዳ ላይ፣ በማን ሣጥን ውስጥ ይሆን እያልኩ ወረድኩ።

መንገድ ላይ አንድ ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ብራና አሳየኝ። ቀለሙ ቀይና ጥቁር፣ ጠርዙ በጭስ የጠየመ። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ አልዋሽም። ግን አልነካሁትም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ እኔ ከአገር ላወጣው አይደለም፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚገዛኝ ግን ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚህ ሌላ የራሴ ሕግ አለኝ፦ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነገር ገበያ አልመጣም ብዬ አልፋለሁ። ልጁን ወደመጣበት እንዲመልሰው መከርኩት። ምክሬን ሰምቶ ይሆን? ፊቱ እንደዚያ አይልም።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሲወርዱ ጃኬት ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራብ ይወልቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቅፍለት ነጋዴ ከታጁራና ከሐረር መጥቶ የሚያራግፍበት ገበያ ይህ ነበር፤ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር እዚህ ይገናኙ ነበር። ዛሬ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ለመግዛት የሚሆን አሮጌ ነገር አላገኘሁም ማለት ይቻላል፤ አንድ የተሰነጠቀ ብርሌ በሃያ ብር ገዛሁ፣ እሱም ለማስታወሻ።

ነገር ግን ጥላ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት አንገታቸው ላይ ማርትሬዛ አለ። ጆሮ ተበይዶለት ከዛጎልና ከጨሌ ጋር ተሰክቷል። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ከየት እንደመጣሁና የማን ልጅ እንደሆንኩ ተናግሬ ሳበቃ ነው ስለ ብሩ የጠየቅሁት። እዚህ አገር ተጣድፎ የሚጠይቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከአንገታቸው ሳያወልቁ ቀረብ ብዬ እንዳየው ፈቀዱልኝ።

1780 ይላል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። በብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ የፈረንጆች ዓመት ሞተች፣ ገንዘቧ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መመታቱን ቀጠለ። የትከሻዋን ጌጥ በማጉያ አየሁ፤ ዘጠኙ ዕንቁ አለ። ክብደቱም የታወቀ ነው፤ 28 ግራም፣ ወቄት የምንለው ልክ የመጣው ከእሱ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጠርዙ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ከፍ ብለው የተመቱ የላቲን ፊደላት አሉ፤ አስመሳይ እነሱን ማውጣት ይቸግረዋል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ፍትሕና ምሕረት ነው የሚለው፣ እማማ።»

ብሩን በመዳፋቸው ይዘው ጥቂት ዝም አሉ። «ከእናቴ ወስጄ አርባ ዓመት ስሸከመው» አሉ፤ «ለካ ለዚህ ነው የሚከብደኝ!»

ዋጋውን አልጠየቅሁም። ከሲንጀሯ በኋላ ትንሽ ተምሬያለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ጣርማ በር ላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነን። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የበሱትን ዋሻ ትተን ከደሴው መንገድ ወደ ግራ ተገንጥለን በመዘዞና በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ ገባን። አቧራውን ዝም ልበለው።

መንዝ የመጣሁት ለባና ነው። ባና በመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ቀለሙ የበጉ የራሱ ቀለም ነው። ትከሻው ላይ ሹል ጫፍ ያለው ጥቁሩ በርኖስም የዚሁ አገር ሥራ ነው። ቅዳሜ የገዛሁትን ኮት እያሰብኩ ነበር የመጣሁት፤ ሁለት ብርዳም አገሮች፣ ሁለቱም በግ አርቢ፣ ሁለቱም በየቤታቸው ሸማኔ። አንደኛው ጨርቁን በሕግ አስጠብቆ በዓለም ይሸጣል፤ ሌላው ስልቻ ላይ ዘርግቶ ገዢ ይጠብቃል።

አዲስ ባና የሚሸጥ አላጣሁም። እኔ የፈለግሁት አሮጌ ነው። ያገለገለ ባና ጠጉሩ ተጣብቆ፣ እንደ ቆዳ ለስልሶ፣ ነፋስ አያሳልፍም። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሊመታው የተሰጣ አየሁ፤ መሀሉ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ቡናማ፣ አንድ ጥጉ በሌላ ባና ቁራጭ የተጣፈ። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው። ልግዛዎት ስላቸው ወደ ጎረቤት ተጣሩ፤ «ኑ፣ ይህ ሰው ታሟል!»

አራት ሰዎች ተሰብስበው መረመሩኝ። ጎረቤትየው የራሱን አዲስ ባና አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። «ይህን በዘጠኝ መቶ ውሰድ። የእሷን ምን ታደርገዋለህ? የልጆቿ አባት ሳለ የተሠራ ነው።» እኔ የአሮጌው ዋጋ ከአዲሱ ቢበልጥም እከፍላለሁ ስል ጭራሽ ተጠራጠሩኝ፤ ውስጡ ወርቅ የተሰፋበት መስሏቸው ይሆናል። አሮጊቷ ግን ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጡት፦

«ብር ሌሊት አይለበስም። አዲሱን ለእኔ ግዛና አሮጌውን ውሰድ።»

ዘጠኝ መቶውን ለጎረቤትየው ከፈልኩ። እሳቸው አዲሱን ተከናንበው ወዲያና ወዲህ እያሉ ሞከሩት፤ ጎረቤቶቻቸው አጨበጨቡ። ከሁሉም የተሻለው ገበያዬ ይህ ነው ብዬ ባናውን አቅፌ አልጋ ቤት ገባሁ። ሌሊቱን ተከናንቤው አደርኩ። ያ ሁሉ ሙቀት ከሱፉ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ቁንጫውም ሲያሯሩጠኝ ነው ያደረው። ለካ ፀሐይ ላይ የተሰጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ባናውን በፌስታል ጠቅልዬ አፉን በገመድ አሥሬ፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ኮቴ ደርሷል። ሽማግሌው ግራጫ ገበር አስገብተውለታል፤ በየሁለት ጣት ርቀት ስፌቱ አንድ ክር ይዘላል። ጣቴን ሳሳልፍበት አይተውኝ «አልኩህ እኮ» አሉ፤ «እሷ ናት።»

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ አዲስ አበባ

ምናለሽ ተራ። ሥዕሏን በኪሴ ይዤ ከአንዱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ወደ ሌላው ስዞር ግማሽ ቀን ሆነኝ። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ዕቃ ስፈልግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሦስት ጥሩ ፋኖስና አንድ የፊሊፕስ ሬዲዮ ሳልደራደር አልፌያለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ብሎን፣ መጋጠሚያና የበር ማጠፊያ የሞላበትን የወተት ቆርቆሮ ገለበጠችልኝ። እንደ አክስቴ ሰፌድ ነው። ከሥሩ፣ ዝገቱ ሥር፣ አንዲት የጥይት ቀለህ የመሰለች ብረት ተጋድማለች። ጫፏ አልተበላም። ከእርሳስ መሥመሩ ላይ ሳስቀምጣት ዳር እስከ ዳር ገጠመች።

አርባ ብር አለች። ሰጠሁ።

ለደብረ ብርሃን ሹፌር አደራ ብዬ ላክኋት። በነጋታው ማታ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ፤ ከወዲያ በኩል የሚሰማው የመኪና ድምፅ ብቻ ነው፣ ሳያቋርጥ፣ ሳይዘል። ከቆይታ በኋላ ሽማግሌው «ሰማህ?» አሉኝ።